ስም ከተጠራ በኋላ

በመርሳ ገበያ የተገዛ አንድ በሬ በሌሊት ከበረት ጠፋ እንበል። ዘመኑ ሐብሩ በየጁ አውራጃ ሥር የነበረበት፣ ፖሊስም ከአውራጃው ዋና ከተማ ከወልድያ እምብዛም ወደ ገጠር የማይወርድበት ዘመን ነው። ባለቤቱ ዱካውን ተከትሎ እስከ ወንዙ ይሄዳል፤ ዱካው በጠጠሩ ላይ ይጠፋበታል። ከዚያ ወዲያ በስተ ምሥራቅ ቆላው እስከ አፋር ሜዳ ተዘርግቷል፤ በስተ ምዕራብ ተራራው ቆሟል። በሬውን ማን ነዳው? ይህን ለመመለስ አንድ ብልህ ሰው አይፈለግም። የሚፈለገው አገሩ በሙሉ ነው።

ጭቃ ሹሙ ያስለፍፍና ሕዝቡ በአንድ ሜዳ ወይም በአንድ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል። በአንዳንዱ አገር አፈርሳታ፣ በሌላው አውጫጭኝ የተባለው ሸንጎ ይህ ነው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ክርስቲያኑ በመስቀል፣ ሙስሊሙ በቁርዓን የሚያውቀውን እንዳይሸሽግ ይምላል። የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል፤ የመጣውም ነገሩ ሳይወጣ አይበተንም። አጨዳ ቢደርስ፣ ከብት ቢጠማ ያው ነው። ያየውን በአደባባይ መናገር የሚፈራ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች ብቻ በምስጢር ሹክ ይላል፤ ይህ ስሙ የማይገለጥ ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። እንግዲህ በሜዳው ላይ ያ ወፍ ሲጠበቅ በእርሻው ላይ ማሽላውን እውነተኛው ወፍ ይበላዋል ማለት ነው። ሌባው ሳይታወቅ የቀረ እንደሆነ ደግሞ አገሩ አዋጥቶ የበሬውን ዋጋ ይከፍላል። የአንድ ሰው ጥፋት የሁሉም ዕዳ፣ የአንድ ሰው ዕውቀትም የሁሉም ገንዘብ ነው።

በሌላው የዓለም ዳርቻ ይኸው «ማን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ ፍጹም ሌላ መልስ አግኝቷል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ ዱፓን የተባለ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። ዱፓን በፓሪስ ከተማ በቀን መስኮቱን ዘግቶ በሻማ ብርሃን የሚያነብ፣ ከሰው የማይቀላቀል፣ ፖሊስ ያልደረሰበትን ምስጢር በአእምሮው ኃይል ብቻ የሚፈታ ሰው ነው። ሁለት ሴቶች በግፍ ተገድለዋል፤ ገዳዩ ሆኖ የተገኘው ግን ሰው ሳይሆን ከባለቤቱ ያመለጠ ኦራንጉታን የተባለ ትልቅ ጦጣ ነው። የዘርፉ መጀመሪያ የሚባለው ይህ ድርሰት እንግዲህ ወንጀለኛ የሌለበት የወንጀል ታሪክ ነው። ስም መጥራቱ ማንንም አላሳፈረም፤ የማንንም ልጅ አባት አላሳጣም። ፖ ጨዋታውን ፈጠረ፤ ሸክሙን ግን ለተከታዮቹ ተወው።

ሸክሙን ከነክብደቱ ያነሣው ዳሺል ሃሜት ነው። ሃሜት ደራሲ ከመሆኑ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ፣ ፒንከርተን በተባለው የግል መርማሪዎች ድርጅት ተቀጥሮ ሠርቷል። ድርጅቱ ሌባ ከማሳደድ ሌላ በፋብሪካና በማዕድን ባለቤቶች እየተከራየ የሠራተኞችን አድማ በመስበር የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1892 በሆምስቴድ የብረት ፋብሪካ ከአድመኞቹ ጋር የተታኮሱት የዚሁ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሃሜት የግል መርማሪን የሚያውቀው በዝና ሳይሆን በደመወዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 «ቀይ መከር» የተባለውን ልብ ወለዱን ሲያሳትም የመረጠው ቦታ አንዲት የማዕድን ከተማ ነበረች። የማዕድኑ ባለቤት አድማ ለመስበር ሽፍቶችን ያስመጣል፤ አድማው ይሰበራል፤ ሽፍቶቹ ግን አይመለሱም። ከተማዪቱን ይካፈሏታል። ፖሊሱ የእነርሱ ነው፤ ጋዜጣው የባለሀብቱ ነው። በእንዲህ ያለች ከተማ አውጫጭኝ ቢጠራ ማን ይመጣል? ሽማግሌ ሆኖ የሚመረጠውስ ማን ነው?

አሜሪካዊው መርማሪ ብቻውን የሚሄደው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ብቸኝነት እንደ ጀግንነት ይቆጥረዋል፤ ፊልሙም ባርኔጣውንና ሲጋራውን እያሳመረ ይህንኑ አጽንቶታል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ብቸኛው መርማሪ የሚያስፈልገው ኅብረተሰቡ እርስ በርሱ መማማል ሲያቅተው፣ ሕጉም በገንዘብ ሲገዛ ነው። ሃሜት ራሱ ይህን አልሸሸገም። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ስሙ እንኳ ያልተጠቀሰው መርማሪ ሽፍታን ከሽፍታ እያጋጨ ከተማዪቱን ሲያጠራ ሬሳው ይበዛል፤ በመጨረሻም መግደሉ እየጣመው እንደ መጣ በገዛ አፉ ያምናል። ጠያቂ የሌለበት ጠያቂ ወደዚያ ይደርሳል።

ቋንቋ ምስክር ከሆነ ደግሞ አማርኛ ብቻውን እየዞረ የሰው ምስጢር ለሚፈለቅቅ ሰው ክብር ሰጥቶ አያውቅም። ጆሮ ጠቢ ይለዋል፤ አሳባቂ ይለዋል፤ ነገር አመላላሽ ይለዋል። አንድ ጥንታዊ ስም አለ፤ ሌባ ሻይ። ቃል በቃል ሲፈታ ሌባ ፈላጊ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ስም የተሰጠው ለብልህ ሰው አልነበረም። የሚያደነዝዝ መድኃኒት የተሰጠው ልጅ በገመድ ተይዞ እየተንገዳገደ በመንደሩ ይዞራል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ዱፓን እውነትን የሚያገኘው አእምሮው ከሁሉ የተሳለ ስለሆነ ነው፤ ሌባ ሻይ የሚያገኘው አእምሮው ለጊዜው ስለተወሰደበት ነው። ልማዱ የማይረባ ሆኖ በመንግሥት ታግዶ ቢቀርም ከበስተኋላው ያለው ሐሳብ ሊናቅ አይገባውም። አእምሮ የሌለው ቂም የለውም፤ ዘመድም የለውም ተብሎ ነው። በጎረቤታሞች አገር ከዕውቀት ይልቅ የሚፈለገው ከቂም መንጻት ነበርና። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ገመዱን የያዘው ሰው አእምሮም ቂምም ነበረው።

በዚህም ምክንያት ይመስላል የአሜሪካው የግል መርማሪ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ቤት ሠርቶ ያልተቀመጠው። በወሎ የተወለዱት ደራሲ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ ሲመልሱ አንባቢ ተሻምቶ አንብቧቸዋል፤ ሰላዩ ለአገሩ የሚሠራ ነውና። ይልማ ሀብተየስን የመሳሰሉ ደራስያንም የወንጀል ምርመራ ታሪክ ጽፈዋል፤ «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣና የሬዲዮው የፖሊስ ፕሮግራምም የእውነተኛ ወንጀሎችን ታሪክ ለሰፊው ሕዝብ አድርሰዋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ፈላጊው አብዛኛውን ጊዜ ማዕረግ ያለው፣ አለቃ ያለው፣ መዝገብ ከፍቶ መዝገብ የሚዘጋ ሰው ነው። በቀን 25 ዶላርና ወጪውን እየተቀበለ ለከፈለው ሁሉ የሚሠራ ሰው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነው። ይህ የደራስያኑ ድክመት አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው ወልድያ ላይ ቢያስቀምጡት መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው፤ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ማንም ምንም አይነግረውም።

የ25 ዶላሩ መርማሪ የሬይመንድ ቻንድለር ፊሊፕ ማርሎው ነው። እርሱንና የሃሜትን ሳም ስፔድ ጎን ለጎን ማየት የነገሩን ሥር ያወጣል፤ ሁለቱ አንድ ጥያቄ ቀርቦላቸው ተቃራኒ መልስ ሰጥተዋልና። ጥያቄው ጥፋተኛውን ካገኙት በኋላ ስሙን ለማን ይነግሩታል የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 በታተመው «የማልታ ጭልፊት» ውስጥ የስፔድ የሥራ ባልደረባ ይገደላል። ስፔድ ባልደረባውን አይወደውም፤ ከሚስቱ ጋርም በምስጢር ይገናኝ ነበር። ገዳይዋ ደግሞ ልቡን የማረከችው ሴት ሆና ትገኛለች። ስፔድ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣታል። ለምን እንደሆነ ሲያስረዳት ምክንያቱን አንድ፣ ሁለት እያለ ይቆጥርላታል፤ የባልደረባ ደም ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ የሙያው ስም ይጠፋል፤ ነገ እርሱንም ልትገድለው ትችላለች። ቆጠራው ሲረዝም አንባቢ አንድ ነገር ይጠረጥራል። እውነተኛ ምክንያት ያለው ሰው ይህን ያህል ምክንያት አይደረድርም።

ማርሎው ግን ይሸሽጋል። እ.ኤ.አ. በ1939 በታተመው «ታላቁ እንቅልፍ» ውስጥ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ጄኔራል ቤተ ሰቡን ከሚያስፈራራ ሰው እንዲያላቅቀው ይቀጥረዋል። ሽማግሌው እንደ ልጁ ይወደው የነበረው አማቹ ጠፍቷል። ማርሎው ፈልጎ ይደርስበታል፤ የገደለችው የጄኔራሉ ታናሽ ልጅ ናት፤ አእምሮዋም የታወከ ነው። ለፖሊስ አይናገርም። ለአባትየውም አይናገርም፤ ሊሞት የተቃረበ ሰው ይህን ይዞ እንዳይሞት። እኅቲቱን ወስደሽ አሳክሚያት ይላታል ታላቂቱን፤ በዚሁ ይሄዳል። ምሕረት ነው። ነገር ግን የባለሀብት ልጅ ባትሆን ኖሮ በዚያች ከተማ ይህ ምሕረት ይደረግላት ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ቻንድለር ይህን የጠየቀ አይመስልም።

የጠየቀው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊው ዋልተር ሞዝሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1948ቱ ሎስ አንጀለስ ይካሄዳል። ኢዚ ሮውሊንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሰ ወታደር ነው፤ ከአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራው ተባርሯል፤ የቤቱ ዕዳ ቀኑ ደርሷል። ነጮቹ ሊገቡበት በማይችሉት ሰፈር አንዲት ሴት እንዲፈልግ ይከፈለዋል። ሰው የሚያጫውተው ስለሚያውቀው ነው፤ ከአንድ አገር መጥተዋል፤ በአንድ ቤት ይጠጣሉ። እንግዲህ ኢዚ ከዱፓን ይልቅ ለአውጫጭኙ ወፍ ይቀርባል። ከጎረቤቶቹ መካከል አንዱን ገዳይ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣል፤ ከዚያ የባሰውን ነፍሰ ገዳይ ግን የልጅነት ወዳጁ ስለሆነ ይሸሽጋል። በመጽሐፉ መጨረሻ ከአንድ በዕድሜ ከሚበልጠው ወዳጁ ጋር ተቀምጦ ይህ ልክ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚያሳርፍ መልስ አያገኝም። የሐብሩ ገበሬ ያንን ጥያቄ ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ የአጎቱን ልጅ ስም በከንፈሩ ይዞ የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሃሜት በጽሑፍ ያደረገውን በሕይወቱ አለማድረጉ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1951፣ የኮሚኒስት አደን በአሜሪካ በተጧጧፈበት ጊዜ፣ ለታሰሩ ሰዎች የዋስትና ገንዘብ የሚሰበስብ አንድ ማኅበር ኃላፊ ስለነበረ ፍርድ ቤት ቀርቦ ገንዘብ ያዋጡትን ሰዎች ስም እንዲናገር ታዘዘ። አልናገርም አለ። ስድስት ወር ተፈረደበት፤ በደከመ ጤንነቱ ወህኒ ወረደ። ስሙ በአማርኛ ጆሮ ከሐሜት ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ቀልድ ነው፤ ሰውየው ግን ማንንም አላማም። ስፔድን የፈጠረ ብዕር ያዥ ስም ከመጥራት መታሰርን መረጠ። ይህ መቃረን ነውን? አይደለም። ስፔድ የጠራው የነፍሰ ገዳይ ስም ነው፤ ሃሜት ያልጠራው ለእስረኛ የደረሱ ሰዎችን ስም ነው። ልዩነቱ ስሙን የሚቀበለው እጅ ምን ሊያደርግበት ነው በሚለው ላይ ያረፈ ነው።

ወደ ዋርካው ሥር ሲመለሱ ይኸው ጥያቄ ይጠብቃል። አውጫጭኝን እንደ ጥንታዊ ዴሞክራሲ ብቻ አድርጎ ማወደስ በአንዳንድ ምሁራን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ግማሽ እውነት ነው። የሬክስ ስታውት መርማሪ ኔሮ ዉልፍ ከኒው ዮርክ ቤቱ ብዙም ሳይወጣ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ በአንድ ክፍል ሰብስቦ ወንጀለኛውን ያወጣል፤ አንባቢም ይደሰታል፤ ክፍሉ ውስጥ ጥፋተኛ እንዳለ በደራሲው ተረጋግጦለታልና። በሜዳው ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። በሬውን የሰረቀው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡ ግን በረኀብና በፀሐይ ተይዟል፤ ዕዳውም ይጠብቀዋል። የሚያሳድገው የሌለው ድኻ፣ ከሩቅ የመጣ ሰፋሪ፣ ሰው የማይወደው አንደበተ ክፉ በእንዲህ ያለ ቀን ያሠጋዋል። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች እንደሚባለው ስም የለሽ ጠቋሚም እንደ ሰፈሩ ቂም ይጮኻል።

ሸንጎው ሽማግሌውን ሲያጣ ምን እንደሚሆን የዚህች አገር ከተሞች አይተዋል። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ በየቀበሌው የተጠሩት የማጋለጥ ስብሰባዎች ቅርጻቸው የአውጫጭኝ ነበር። ሁሉም ይሰበሰባል፤ የቀረ ይጠረጠራል፤ ዝም ያለም ይጠረጠራል። መሐላውና ዕርቁ ግን አልነበሩም፤ የነበረው ጠመንጃ ነው። የተጠራውም ስም ወደ ዳኛ አልደረሰም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ልጇን ያጋለጠባትን ሰው ጎረቤት አድርጋ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት የኖረች እናት በየከተማው አለች።

ሕጉ ይህን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ምርመራውን ከሜዳው አንሥቶ ለፖሊስ ሲሰጥ የተያዘ ሰው መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ ደንግጓል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ይህንኑ መብት አጽንቷል። በዋርካው ሥር ዝምታ መቀጫ ነበረው፤ በሕጉ ፊት ዝምታ መብት ሆነ። ሕጉ በተጣሰባቸው ዓመታት እንኳ ጽሑፉ ቆሞ መመስከሩ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሜሪካውያኑ ደራስያን የማይደርሱበት አንድ ስፍራ ግን አለ። የእነርሱ ልብ ወለድ ስሙ ሲጠራ ያበቃል። ማርሎው ወደ ተከራየበት ክፍል ይገባል፤ አንባቢም መጽሐፉን ያጥፋል። በሐብሩ ስሙ ሲጠራ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። የሌባው ሚስትና የባለ በሬው ሚስት ነገ ከአንድ ወንዝ ውኃ ይቀዳሉ፤ ልጆቻቸው በአንድ መስክ ከብት ያግዳሉ። ደም የፈሰሰ እንደሆነማ የተበዳዩ ወገን ብድሩን ካልመለሰ አይተኛም። በወሎ አበጋር የሚባሉት፣ አስታራቂነትን ከአባት ከአያት የወረሱ ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አበጋሩ ማን ገደለ ብሎ አይለፋም፤ ያ ታውቋል። የሚለፋው ሁለቱ ወገኖች በአንድ አገር እንዴት ውለው እንደሚያድሩ ነው። ዱዓ ይደረጋል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ቀኑ ይረዝማል። አንድን ገዳይ ለማግኘት አንድ ብልህ ራስ ይበቃ ይሆናል፤ ከገዳይ ወገን ጋር ለመኖር ግን ብዙ ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ከአሜሪካ የወንጀል ልብ ወለድ ጥበቡን ቢወስዱ መልካም ነው፤ መጨረሻውን ግን እንዳለ ቢወስዱት የገዛ አገራቸው ታሪክ ከሚጀምርበት ላይ መቁረጣቸው ነው።

ይህ የጥንት ነገር አይደለም። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ ሆስፒታሉን ጨምሮ ብዙ የሕዝብ ንብረት ተዘርፏል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ወራት ካለፈ በኋላ በየትኛውም ከተማ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ማን መንገድ መራ? የጎረቤቱን በር ማን ጠቆመ? የጠፋው ዕቃ ከማን ቤት ነው? ጥያቄው መጠየቅ አለበት፤ የተበደለ ሰው ዝም በል አይባልም። ነገር ግን በዚያ ወቅት የሚነገር እያንዳንዱ ስም በአንድ መዝገብ ላይ፣ በአንድ ዳኛ ፊት፣ ተከሳሹ በሚሰማበት መነገሩና በቡና ቤት ሹክ መባሉ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሹክ የተባለው ስም ከአፍ ከወጣ በኋላ ማንም አይመልሰውም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ እንኳ ባለ ስሙ ገበያ በወጣ ቁጥር አብሮት ይሄዳል።

ሃሜት ይህን ያህል ሳይጽፍ ቢቀርም በአንድ ገጽ ላይ ፍንጩን ትቷል። ስፔድ ሴትዮዋን አሳልፎ ከሰጠ በኋላ ሰኞ ጠዋት ወደ ቢሮው ይገባል። ጸሐፊው ኤፊ ከልጅነት ልብ የምታምነው፣ በሁሉ ነገር የምትደግፈው ልጅ ናት፤ ጋዜጣውን አንብባለች። ያደረገው ትክክል እንደሆነ ታውቃለች፤ ትነግረዋለችም። ይሁን እንጂ እጁን ሲዘረጋላት ሸሸት ትላለች፤ ዛሬ እንዳይነካት ትለምነዋለች። የስፔድ ፊት ይገረጣል። በዚያው ቅጽበት በሩ ይንኳኳል፤ የሟች ባልደረባው ሚስት መጥታለች። ስፔድ ይንቀጠቀጥና እንድትገባ ይፈቅዳል።